ከአንድ ገጠመኝ ሁለት ጽሑፍ፦ የስላቅ ሳይንስ ልብ ወለድንና የግል ወግን ጎን ለጎን መጻፍ

እናቴ ጣቷን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። ማሽኑ ቀይ አበራ። ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ደገመች። አሁንም ቀይ። በአምስተኛው ሙከራ መዝጋቢዋ ልጅ «እማማ፣ አሻራዎ አልነበበም፤ ሌላ ቀን ይምጡ» አለቻት። የአባቴን ጡረታ ወደ ስሟ ለማዞር ነበር የሄድነው። እናቴ እጇን ገልብጣ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ ቀስ አድርጋ «ቆሽሾ ይሆን እንዴ?» አለችኝ።

አልቆሸሸም። አርባ ዓመት እንጀራ የጋገረ፣ በርበሬ የደለዘ፣ የስምንት ሰው ልብስ ያጠበ እጅ ነው። መስመሩ አልቋል።

ከዚያች ቀን ሁለት ጽሑፍ ወጣ። አንደኛው ገና ወደፊት በሚመጣ ዘመን የሚካሄድ የስላቅ ታሪክ ነው። ሁለተኛው ስለ እናቴ እጅ የጻፍኩት የግል ወግ ነው። ሁለቱንም ስጽፍ የሄድኩበትን መንገድ ነው እዚህ ደረጃ በደረጃ የማስቀምጠው። ሳይንስ ልብ ወለድ ሲባል ለብዙዎቻችን ሮኬትና ሮቦት ይታየናል። ስላቅ ሲባል ደግሞ ሰው ላይ ማፌዝ ይመስለናል። እኔ ግን ሁለቱም የሚጀምሩት እንዲህ ካለ ወረፋ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

1. አንድ ደራሲ ያዙና ሁለቱንም ጎኑን አንብቡ

ከአሥር ደራሲ አንዳንድ ታሪክ ከመቃረም፣ የአንዱን ልብ ወለድም ወግም አብሮ ማንበብ ይበልጥ ያስተምራል። አንድ ሰው ያንኑ ሕመሙን በሁለት መንገድ ሲናገር ታያላችሁ።

እኔ የያዝኩት አሜሪካዊውን ከርት ቮኔገትን ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ስለ እሱ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በዚሁ ነው) በ1922 ኢንዲያናፖሊስ ተወለደ፣ በ2007 ኒው ዮርክ ሞተ። ከ1947 እስከ 1951 ሸነክታዲ በምትባል ከተማ፣ በጀነራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ውስጥ ሠርቷል። እዚያ እያለ የጄት ሞተር ክፍሎችን በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚቀርጽ ማሽን አየ። ያ ሥራ እስከዚያ ድረስ የሠለጠነ ባለሙያ እጅ የሚኮራበት ሥራ ነበር። በ1952 የወጣው የመጀመሪያ ረጅም ልብ ወለዱ የበቀለው ከዚህ ነው። ልብ በሉ፣ ቴሌስኮፕ ይዞ ሰማይ አላየም። መሥሪያ ቤቱን ነው ያየው።

ለመጀመር በ1961 የታተመውን «ሃሪሰን በርገሮን» የተባለውን አጭር ታሪክ አንብቡ። ጥቂት ገጽ ብቻ ነው። ዘመኑ 2081 ነው፤ ሰው ሁሉ በሕግ እኩል ሆኗል። መልከ መልካም የሆነ ጭምብል ያጠልቃል። ጠንካራ የሆነ ክብደት ይሸከማል። የሃሪሰን አባት ጆርጅ አስተዋይ ስለሆነ ጆሮው ውስጥ ትንሽ ሬዲዮ ተደርጎበታል። በየ20 ሴኮንዱ ገደማ ኃይለኛ ድምፅ እየለቀቀ ሐሳቡን ይበትነዋል። አንገቱ ላይ ደግሞ 47 ፓውንድ፣ ማለትም 21 ኪሎ የሚሆን የወፍ ማደኛ ጥይት ፍሬ በከረጢት ተቆልፎበታል።

ሁለት ጊዜ አንብቡት። በመጀመሪያው ንባብ ለታሪኩ ብቻ ተዉት። በሁለተኛው እርሳስ ይዛችሁ ያልተለወጠውን ነገር አስምሩበት። ባልና ሚስት ሳሎን ተቀምጠው ቴሌቪዥን ያያሉ። ሚስትየው ጉንጯ ላይ እንባ አለ፤ ለምን እንዳለቀሰች ግን ረስታዋለች። ቤቱ የእኛ ቤት ነው፤ ሶፋውም የእኛ ሶፋ ነው። የተለወጠው አንድ ሕግ ብቻ ነው።

2. ለሁለት ሳምንት ገጠመኝ ሰብስቡ

ማስታወሻ ደብተር ያዙ። ስልክም ይሆናል። ማታ ማታ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ምን ሆነ፣ ማን ምን አለ፣ እጅና ፊት ምን ያደርግ ነበር። አስተያየታችሁን አትጻፉ። «ኑሮ ከበደ» ሐሳብ ነው፤ ከእሱ ታሪክ አይወጣም። «ሲስተም የለም» ትንሽ ይሻላል፤ ስንት ቀን ሰምተነዋል። «እማማ፣ አሻራዎ አልነበበም» ግን ታሪክ ነው። ሰው አለበት፣ ማሽን አለበት፣ በሰውየዋና በፈለገችው ቀላል ነገር መካከል የቆመ ነገር አለ።

በሁለት ሳምንቱ መጨረሻ ከሰበሰባችሁት ውስጥ አንዱን ምረጡ። የምትመርጡት የሚያስቀውን አይደለም፤ ሌሊት ትዝ የሚላችሁን ነው።

3. ሳይንሱን ተማሩ

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔም ልዘለው ነበር። ተቀምጬ ስለ ጣት አሻራ ሳነብ ግን የታሪኬን መጨረሻ እዚያ አገኘሁት።

የጣት አሻራ የሚሠራው ሰው ገና ማኅፀን ውስጥ እያለ ነው። መሠረቱ ከላይኛው ቆዳ ሥር ነው። ሻካራ ሥራ፣ ሲሚንቶ፣ ሳሙናና ኬሚካል የላይኛውን መስመር ይበላዋል። እርጅና ደግሞ ቆዳውን ያደርቀዋል፤ የደረቀ ጣት መስታወቱ ላይ በደንብ አይታይም። ግን ቆዳ ራሱን ያድሳል። እጁ ከሥራ ካረፈ፣ የተበላው መስመር ብዙውን ጊዜ ተመልሶ ይወጣል።

እጁ ከሥራ ካረፈ። ይህን ሳነብ ብዕሬን አስቀመጥኩ። ማሽኑ የሚያውቀው ያረፈን እጅ ነው ማለት ነው።

እናንተም የመረጣችሁትን ነገር አሠራር ጠይቁ። ስለ መብራት ከሆነ ቆጣሪው እንዴት እንደሚቆጥር፣ ስለ ባንክ ከሆነ ገንዘቡ ከስልክ ወደ ስልክ እንዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው ፈልጉ። ቴክኒሻን ጎረቤት ካላችሁ ሻይ ጋብዙትና ጠይቁት።

4. አንድ ሕግ ብቻ ለውጡ፣ ከዚያ ደረጃ ውጡ

አንድ ሕግ ለውጡ። ሁለት ካደረጋችሁት አንባቢ መሬቱን ያጣዋል። የእኔ ሕግ ይህች ነበረች፦ አሻራው ያልተነበበ ሰው በሕይወት እንዳለ አይቆጠርም። ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው። እድር አለ፣ ሰፈር አለ፣ ቡና ይፈላል።

ከዚያ ሕጉን ይዛችሁ ደረጃ ውጡ። በመጀመሪያው ደረጃ ሕጉ ከቤት ውጭ ምን ያደርጋል? በሮች፣ ወፍጮ ቤት፣ የውኃ ቧንቧ ሁሉ በጣት ይከፈታሉ፤ እጃቸው ያለቀ ሰዎች ሌላ ሰው እስኪመጣ ደጅ ይቆማሉ። ሁለተኛው ደረጃ ቤት ውስጥ ነው። እናቶች ልጆቻቸውን ዕቃ አታጥቡ ይላሉ። ትምህርት ቤት ለለስላሳ እጅ ሽልማት ይሰጣል። ሽማግሌ ሲላክ ከዘሩ በፊት የሙሽራው ጣት ይታያል። ሦስተኛው ደረጃ ላይ አገሩ ምን ይሆናል? እዚህ ላይ ሦስት ቀን ቆሜያለሁ። በመጨረሻ ይህ መጣ፦ ከተማው የሚበላውን እንጀራ በሙሉ የሚጋግሩት በመዝገብ የሌሉ ሰዎች ናቸው።

እዚያ ስትደርሱ ቁሙ። አራተኛ ደረጃ አያስፈልግም። ያ ዓረፍተ ነገር ወደፊት የሚሆን ነገር እያወራ ዛሬን እንደሚናገር ይሰማችኋል። የምትፈልጉት እሱን ነው። እስኪሰማችሁ ድረስ ውጡ፤ ከተሰማችሁ በኋላ አትጨምሩ።

ስለ ዘመኑ አንድ ነገር ልበል። እኛ ሁለት አቆጣጠር ነው ያለን። ቁጥር ብቻ ከጻፋችሁ አንባቢ ይደናገራል። የቮኔገት 2081፣ ታሪኩ የሚካሄደው በሚያዝያ ስለሆነ፣ በእኛ 2073 ነው። ታሪካችሁ አገር ቤት ከሆነ ዓ.ም. በሉና በዚያው ጽኑ።

5. አንዲት ትንሽ ነገር የሚፈልግ ሰው ስጡት

ቮኔገት በ1999 ባሳተመው የአጭር ታሪክ መድበል መግቢያ ላይ ለጸሐፊዎች ስምንት ምክር አስቀምጧል። ከሁሉ የጠቀመኝ፣ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የሆነ ነገር መፈለግ አለበት፣ አንድ ብርጭቆ ውኃም ቢሆን፣ የሚለው ነው።

የመጀመሪያ ረቂቄ ላይ የታሪኬ ዋና ገጸ ባሕርይ ወይዘሮ ዘነበች ሥርዓቱን ልትገለብጥ ትነሳ ነበር። ሞተ ታሪኩ። ንግግር ብቻ ሆነ። በሁለተኛው ረቂቅ አንድ ኪሎ ቡና ብቻ እንድትፈልግ አደረግኋት። ጎረቤቷ ከሆስፒታል ወጥታለች፤ አፍልታ ልትጠራት ነው። ቡናው ደግሞ መጋዘን ውስጥ ነው፤ መጋዘኑ በጣት ነው የሚከፈተው። ያን ጊዜ ታሪኩ መሄድ ጀመረ። አንባቢ ለሥርዓት ላያዝን ይችላል። ለቡናው ግን ያዝናል።

6. ተራኪው አይሳቅ

አማርኛ ለስላቅ የሰጠን ትልቅ ስጦታ የቢሮ ቋንቋችን ነው። «ታምኖበታል» ይላል። ማን አመነበት? «አቅጣጫ ተቀምጧል» ይላል። ማን አስቀመጠው? ግሱ ተደራጊ ሲሆን አድራጊው ይጠፋል፤ ሰው በሌለበት ነገር ሁሉ በራሱ የሚሆን ይመስላል። ይህን ቋንቋ ሳታጣምሙ፣ እንዳለ፣ በአክብሮት ጻፉት። ቃለ አጋኖ አታድርጉ። ሳቁ ከፈለገ ራሱ ይመጣል።

የእኔ ታሪክ የሚከፈተው ለወይዘሮ ዘነበች እድር በተጻፈ ደብዳቤ ነው፦

«ጉዳዩ፦ ያልተነበበ እጅን ይመለከታል። ወ/ሮ ዘነበች የተባሉት ነዋሪ ሚያዝያ 9 ቀን 2094 ዓ.ም. በ3ኛው በር ቀርበው እጃቸውን 11 ጊዜ ያሳረፉ ቢሆንም በሕይወት ስለመኖራቸው ማረጋገጥ አልተቻለም። በመሆኑም የሚኖሩበት ሁኔታ ተጣርቶ ውሳኔ እስኪሰጥበት ድረስ የአንድ ኪሎ ቡና ድርሻቸው ባለበት እንዲቆይ የተደረገ መሆኑን እየገለጽን፣ ለሚደረግልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን። ከሰላምታ ጋር። ግልባጭ፦ ለወ/ሮ ዘነበች።»

መጨረሻ ላይ ያለችውን ግልባጭ ተመልከቱ። የለችም ላሏት ሴት ደብዳቤው በግልባጭ ይደርሳታል። ይህን ማብራራት አያስፈልግም። ካብራራሁት ይበላሻል።

ሌላው ነገር አቅጣጫው ነው። ስላቁ ወደ ሕጉ ይሂድ እንጂ ወደ ተጎዳው ሰው አይሂድ። የገጠር ሰው አነጋገር፣ የሰው አካል፣ የሰው ብሔር መሳቂያ አይሁን። መፈተኛው ቀላል ነው። ጽሑፉን ገጸ ባሕርይዋን የምትመስል ሴት ፊት ጮክ ብላችሁ ለማንበብ ሞክሩ። ድምፃችሁን ዝቅ የምታደርጉበት ቦታ ካለ እዚያ ላይ በድላችኋታል። ሰርዙት።

7. መጨረሻው ከራሱ ከሕጉ ይውጣ

ከሰማይ የወረደ መጨረሻ አታምጡ። አምባገነኑ በድንገት አይሙት። ሁሉም ነገር ሕልም ሆኖ አይገኝ። ሕጉን እንደገና አንብቡና «ይህ ሕግ የመጨረሻውን ጭካኔውን መቼ ነው የሚያሳየው?» ብላችሁ ጠይቁ።

በእኔ ታሪክ ወይዘሮ ዘነበች ትታመማለች። ሦስት ወር ትተኛለች። ጎረቤቶቿ ናቸው የሚያጥቡላት፣ የሚጋግሩላት። እጇ ያርፋል። አንድ ቀን ልጆች ደግፈው ወደ በሩ ይወስዷታል። ጣቷን ታሳርፋለች። ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ አረንጓዴ ያበራል፦ «እንኳን ደህና መጡ። አዲስ ነዋሪ ነዎት?»

እዚያ ነው ያበቃሁት። በረቂቁ ላይ ከዚያ በኋላ አንድ አንቀጽ ነበረኝ። ስለ ሥራ ክብር የሚያወራ፣ ደስ ብሎኝ የጻፍኩት አንቀጽ ነበር። ቆረጥኩት። ቅኔ የሚያውቁ ሰዎች ይህን ቶሎ ይረዱታል፤ ሰሙ ራሱን ችሎ ካልቆመ ወርቁም አይታይም። ወርቁን በእጃችሁ አውጥታችሁ ካሳያችሁ ደግሞ ቅኔ መሆኑ ይቀራል።

8. አሁን ያንኑ ነገር ወግ አድርጉት

ልብ ወለዱን ስትጨርሱ አንድ ሳምንት ተዉትና ወደ ደብተራችሁ ተመለሱ። ታሪኩ ውስጥ ያልገባው ምንድን ነው? በእኔ ደብተር ላይ «ቆሽሾ ይሆን እንዴ?» የሚለው ቀርቶ ነበር። ታሪኩ ውስጥ ላስገባው ሞክሬ እንቢ አለኝ። ያ ቃል የእናቴ ነው። የወይዘሮ ዘነበች አፍ ላይ ሲሆን የፈጠርኩት ይመስላል። እናንተም እንቢ የሚላችሁን ነገር ስታገኙ የወጋችሁ እምብርት እሱ ነው።

ወግ ውስጥ መዋሸት አይፈቀድም። ሁለት ቀን የሆነውን አንድ ቀን ሆነ አትበሉ። የማታስታውሱትን ንግግር በትእምርተ ጥቅስ አታስቀምጡ። ልብ ወለዱ ሙሉ ነፃነት ሰጥቷችኋል፤ ወጉ ላይ ደግሞ እጃችሁ ታስሯል። በዚህ ምክንያት ይመስለኛል ሁለቱ አብረው የሚጠነክሩት።

ወጉን ከቦታውና ከአካሉ ጀምሩ። «የእናት ውለታ ተከፍሎ አያልቅም» ብሎ የሚጀምር ወግ ሺህ ጊዜ ተጽፏል። የእኔ ወግ የሚጀምረው በነጠላው ጫፍ ነው። እንዴት እንደጠረገች፣ የትኛውን ጣት አስቀድማ እንደሰጠች፣ መዝጋቢዋ ልጅ ራሷ እንዴት እንደተጨነቀች። ልጅቷን ክፉ አድርጌ አልጻፍኳትም፣ ክፉ አልነበረችምና። የራሷን መሐረብ አውጥታ የእናቴን ጣት አርጥባላት ነበር። ስላቁ ውስጥ ለዚህ ቦታ አልነበረም። ወጉ ውስጥ ግን ለሷ አንድ ሙሉ አንቀጽ ሰጠኋት።

ጊዜም ያስፈልጋል። ቮኔገት በየካቲት 1945 ድሬስደን ከተማ በቦምብ ስትነድ የጦር ምርኮኛ ሆኖ እዚያው ነበር፤ ከቄራ ሥር ባለ የሥጋ ማስቀመጫ ውስጥ ሆኖ ተረፈ። ስለዚያ የጻፈው መጽሐፍ የወጣው በ1969 ነው። ሃያ አራት ዓመት። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ምዕራፍ በራሱ ድምፅ ሆኖ፣ ነገሩን መጻፍ ምን ያህል እንዳቃተው ይናገራል። ከዚያ በኋላ ነው ታሪኩ ከምድር ውጭ ያሉ ፍጡራንንና በዘመን ውስጥ ወዲያ ወዲህ የሚወረወር ወታደርን የሚያመጣው። ያን የመጀመሪያ ምዕራፍ ስናነብ የሚያወራው ሰው እዚያ እንደነበረ እናውቃለን። ስለዚህ ያን ሁሉ እንግዳ ነገር ሲያመጣብን እናምነዋለን። ወግ ለስላቅ እንዲህ ያለ ዋስ ይሆናል።

የእናንተ ነገር ገና ትኩስ ከሆነና እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ፣ ደብተሩ ላይ ብቻ ጻፉትና ልብ ወለዱን አስቀድሙ። ሐዘን ላይ ላለ ሰው የሩቅ ዘመን መጠለያ ይሆናል።

9. ሁለቱን ለዩ፣ ከዚያ አስቀምጡ

ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ዘርጉ። ሁለቱም ውስጥ ያለ ዓረፍተ ነገር ካለ ከአንዱ ይውጣ። ማብራሪያ ታሪኩ ውስጥ ከተገኘ ወደ ወጉ ይሂድ ወይም ይጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ታሪኩን ከ1,500 ቃል አታሳልፉት። ሰው የሚያነበው በስልክ፣ ታክሲ ውስጥ ሆኖ ነው። ወጉ ከዚያም ቢያጥር ጥሩ ነው።

አምስት ስድስት ጥንድ ሲኖራችሁ መድበል ማሰብ ትችላላችሁ። ቅደም ተከተሉ ላይ እኔ የማደንቀው የቮኔገትን የ1968 መድበል ነው። መቅድሙ ስለ ሳይንቲስቱ ወንድሙና በካንሰር ስለሞተችው እኅቱ ያወራል። ቀጥሎ የሚኖርበትን የባሕር ዳርቻ መንደር የሚያሳይ ጽሑፍ አለ። ልብ ወለዶቹ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። አንባቢ ወደ ሩቁ ዘመን ከመሄዱ በፊት የደራሲውን ቤት ረግጦ ይሄዳል። ጥንዶቹን ግን አታጣብቋቸው። «ያልተነበበ እጅ» ያልኩት ታሪኬ ካለቀ በኋላ ወዲያው የእናቴ ወግ ቢመጣ አንባቢ የሂሳብ መልስ የተሰጠው ይመስለዋል። በመካከላቸው ሁለት ሌላ ጽሑፍ ይግባ። ወጉ ላይ ሲደርስ ራሱ ያስታውሳል፤ ያ ማስታወስ የራሱ ይሁን።

10. ለአንድ ሰው አንብቡለት

ከስምንቱ ምክሮች አንዱ፣ አንድን ሰው ብቻ ለማስደሰት ጻፉ ይላል። ቮኔገት የሚጽፈው ለእኅቱ ለአሊስ ነበር፤ በ1958 ከሞተችም በኋላ እንደዚያው ቀጠለ። ሕዝብን እያሰቡ ሲጽፉ ዓረፍተ ነገር ይነፋል። አንድ ሰው እያሰቡ ሲጽፉ ግን ያ ሰው የሚያውቀውን አትደግሙም፣ የማያምነውንም አትዋሹም።

እኔ ወጉን ለእናቴ አነበብኩላት። ቡና እየቆላች ነበር፤ ሳታቋርጥ ሰማችኝ። ረቂቁ ላይ «የሰባት ሰው ልብስ ያጠበ እጅ» ነበር የሚለው። እዚያ ስደርስ ማማሰሏን ሳታቆም «ስምንት» አለች። «አጎትህን ረሳኸው። አራት ዓመት ሙሉ ከእኛ ጋር ነበር እኮ።»

አስተካከልኩት።